የፎርድ የመዳብ ህትመቶች ስለ ካሊፎርኒያ ሚሲዮኖች ምን ያህል ይመሰክራሉ?

ጥያቄ፦ በሥነ ሕንፃ ታሪክ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሄንሪ ቻፕማን ፎርድ በ1883 ያሳተማቸውን የካሊፎርኒያ የስፔን ሚሲዮኖች ምስሎች በማስረጃነት ልጠቀምባቸው አስቤ ነበር። አማካሪዬ ግን «በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ እያለ የሠዓሊ እጅ ያለፈበትን ነገር ምን አመጣው?» አሉኝ። ሕንፃዎቹ እንዴት እንደነበሩ ለማወቅ እነዚህ ምስሎች ይታመናሉ?

ምላሽ፦ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የፎርድ ምስሎች ይታመናሉ፤ የሚታመኑት ግን ሠዓሊው በፈረስ ጋሪ እየዞረ ሕንፃዎቹን ባየባቸው ዓመታት፣ ማለትም በ1880 እና በ1881 አካባቢ፣ ግድግዳውና ጣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ለማወቅ ነው። ሚሲዮኖቹ ሰው ሞልቷቸው፣ ደወላቸው ሰዓቱን ጠብቆ በሚደወልበት ዘመን ምን ይመስሉ እንደነበር ለሚጠይቅ ግን እነዚህ ምስሎች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይተው የደረሱ ምስክሮች ናቸው። አማካሪዎ ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ፎቶግራፍንና የሠዓሊን እጅ አፎካክሮ አንዱን መምረጥ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙም አይጠቅምም፤ ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ፎርድ ያየው ነገር ምን እንደነበረ እናስታውስ። ፍራንቼስካውያን መነኮሳት ከ1769 እስከ 1823 ባለው ጊዜ ውስጥ ከሳን ዲዬጎ ተነሥተው በሰሜን እስከ ሶኖማ ድረስ 21 ሚሲዮኖችን መሠረቱ። እያንዳንዱ ሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን የእርሻ፣ የከብት እርባታና የእደ ጥበብ ተቋም ነበር፤ ሕንፃዎቹን የገነቡትም፣ መሬቱን ያረሱትም በአመዛኙ የአገሬው ተወላጆች ናቸው። ሜክሲኮ ከስፔን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1833 በወጣው ሕግ ሚሲዮኖቹ ከመነኮሳቱ እጅ ወጡ፤ ሰፋፊው መሬት ወደ ግለሰቦች ተላለፈ፤ በ1840ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሕንፃዎቹ ራሳቸው እየተሸጡ ሄዱ። አሜሪካ ካሊፎርኒያን ከያዘች በኋላ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ቤተ ክርስቲያናቱ ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ። መመለሱ ግን ማደሱን አላስከተለም፤ የሚያድስ ገንዘብም ምእመንም አልነበረም።

የሕንፃዎቹ አፈራረስ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ይህን ሥርዓት ሳይረዱ የፎርድን ምስሎች ማንበብ አይቻልም። አብዛኞቹ ሚሲዮኖች የተሠሩት በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ ነው። የጭቃ ጡብ ግድግዳ ጣሪያ እስካለውና ልስኑ እስካልረገፈ ድረስ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆማል። የጣሪያው ሸክላ ከተነሣ ግን ውኃው ከአናቱ ገብቶ ጡቡን ወደ መጣበት አፈር ይመልሰዋል። የሚሲዮኖቹ የጣሪያ ሸክላ ደግሞ ለአካባቢው ገበሬና ነጋዴ ተፈላጊ ዕቃ ነበር፤ እየተነቀለ በሌላ ቤት ላይ ይከደን ነበር። ስለዚህ በእያንዳንዱ ምስል ላይ መጀመሪያ የሚመረመረው ጣሪያው ነው። ሸክላው ሙሉ ከሆነ ሕንፃው ገና ጠባቂ አለው ማለት ነው፤ ወራጁ ብቻ ቀርቶ ከሆነ ግድግዳው የቀረው ዕድሜ በጥቂት የክረምት ወራት የሚቆጠር ነው፤ የግድግዳው ጫፍ ተሸርሽሮ ከተጠጋጋ ዝናቡ ሥራውን ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ፎርድ እነዚህን ደረጃዎች ለይቶ ማሳየቱን እንደ ትልቅ ጥንካሬው እቆጥረዋለሁ።

ስለ ሰውየው ጥቂት ልበል። ፎርድ በ1828 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው ሊቮኒያ ተወለደ፤ በ1850ዎቹ መጨረሻ በፓሪስና በፍሎረንስ ሥዕል ተማረ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ለአጭር ጊዜ ዘምቶ በጤና ምክንያት ከተሰናበተ በኋላ ቺካጎ ተቀመጠና በመልክዓ ምድር ሠዓሊነት ስም አተረፈ። በ1871 ቺካጎን ያወደመው ታላቅ ቃጠሎ የሥዕል ክፍሉንም በላው። በ1875 ለጤናው የሚስማማ አየር ፍለጋ ወደ ሳንታ ባርባራ ተዛወረ፤ በ1894 እስኪሞት ድረስም መኖሪያው እዚያው ሆነ። ከዚህ ታሪክ ለጥያቄዎ የሚጠቅሙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ካሊፎርኒያ ሲደርስ ወደ ሃምሳ የተጠጋና ዓይኑ በመልክዓ ምድር ሥዕል የተገራ ሰው ነበር፤ ሜትር ይዞ ግድግዳ የሚለካ መሐንዲስ አልነበረም። ሁለተኛው፣ መኖሪያው የሆነችው ከተማ ከሃያ አንዱ መካከል ፍራንቼስካውያን ሳያቋርጡ የኖሩበት ብቸኛ ሚሲዮን የሚገኝባት ናት፤ ስለዚህ ሕያው ሚሲዮን ምን እንደሚመስል በየቀኑ እያየ ነው የፈረሱትን ሊስል የወጣው።

ከጉዞው በኋላ 24 የመዳብ ሰሌዳዎችን አዘጋጀ፤ በ1883 ኒውዮርክ ውስጥ ስቱዲዮ ፕሬስ በተባለ አሳታሚ በኩል በ50 ቅጂ ብቻ ታተሙ። የቅጂው ቁጥር ማነስ የሚያስገርም አይደለም። ይህ ዓይነቱ ሥራ ለገበያ የሚበተን መጽሐፍ ሳይሆን ሰብሳቢዎችና ቤተ መጻሕፍት የሚገዙት በፎልደር የሚቀመጥ ስብስብ ነበር። ፎርድ ስለ ሚሲዮኖቹ የጻፋቸው ማስታወሻዎችም ከሞተ በኋላ ታትመዋል፤ ለጥናትዎ ምስሉንና ማስታወሻውን ጎን ለጎን እንዲያነቡ አሳስባለሁ።

አሁን ወደ አማካሪዎ ጥያቄ ልምጣ። ፎቶግራፍ በእርግጥ ነበረ። ዝነኛው ካርልተን ዋትኪንስ ፎርድ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ብዙዎቹን ሚሲዮኖች በትልልቅ የመስተዋት ኔጌቲቭ አንሥቷቸው ነበር፤ ከዚያም በፊት የጀርመን ተወላጁ ኤድዋርድ ቪሸር በእርሳስና በቀለም ስሏቸዋል። ፎቶግራፍ ማንሣት ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ ያንን ፎቶግራፍ ከፊደል ጋር በማተሚያ መኪና አትሞ ማሰራጨት ነበር። ፎቶን ወደ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከፍሎ የማተም ዘዴ በ1880 አካባቢ ገና በሙከራ ላይ ነበር፤ በጋዜጣና በመጽሔት የተለመደው በ1890ዎቹ ነው። እስከዚያ ድረስ በመጽሐፍ ውስጥ ፎቶ ማኖር የፈለገ አሳታሚ የታጠበውን ፎቶ አንድ በአንድ በሙጫ ይለጥፍ ነበር፤ ካልሆነም ለእንጨት ቀራጭ ሰጥቶ በእጅ ያስቀርጸዋል። ስለዚህ አንባቢው ዘንድ የሚደርሰው «ፎቶግራፍ» ብዙውን ጊዜ የማይታወቅ ቀራጭ እጅ ያለፈበት ነው። የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ የታጠበ በመሆኑ ከጊዜ ብዛት ይቢጫል፤ ሰማዩና የነጣው ግድግዳ ተቀላቅለው ይደበዝዛሉ። በመዳብ የታተመው ምስል ግን ከጥላሸት የተሠራ ቀለም በጨርቅ ወረቀት ላይ ያረፈበት ስለሆነ ዛሬም እንደ ታተመበት ቀን ይነበባል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ፋሽን ነው። ከ1860ዎቹ ጀምሮ በፈረንሳይ ሠዓሊዎች ኤቺንግን፣ ማለትም ፎርድ የተጠቀመበትን በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ቀርጾ የማተም ዘዴ፣ እንደ ነፃ ጥበብ መልሰው አንሥተውት ነበር፤ ሞገዱ አትላንቲክን ተሻግሮ በ1877 የኒውዮርክ ኤቺንግ ክለብ ተመሠረተ። የ1880ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የዚህ ጥበብ የገበያ ዘመን ነው። ፎርድ አሮጌ ግድግዳ ይዞ ወደዚያ ገበያ መግባቱ የንግድ ብልሃትም ነበረበት፤ ይህን መናገር ሥራውን ዝቅ አያደርገውም።

የአሠራሩን ነገር ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ማስረጃነቱን የሚወስነው እሱ ነውና። የመዳቡ ሰሌዳ ሰም፣ ሬንጅና ሙጫ ተቀላቅሎ በተሠራ ስስ ሽፋን ይለበጣል፤ መስመሩ እንዲታይም ሽፋኑ በጢስ ይጠቁራል። ሠዓሊው በመርፌ ሲስል መዳቡን አይቆፍርም፤ ሽፋኑን ብቻ እየገፈፈ ቀዩን ብረት ያወጣል። ቆፋሪው አሲዱ ነው። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ለአጭር ጊዜ ከቆየ በኋላ ይወጣና ቀጭን ሆነው መቅረት ያለባቸው መስመሮች፣ ለምሳሌ የሩቁ ተራራና የደመናው ዳር፣ በቫርኒሽ ይደፈናሉ፤ ከዚያ ሰሌዳው ይነከራል፣ እንደገና ይወጣል፣ እንደገና ይደፈናል። በመጨረሻ የሚቀሩት የበሩ ውስጥ ጨለማና የጣሪያው ክዳን ጥላ ናቸው፤ እነሱ ረጅም ጊዜ ተበልተው ጥልቅ ይሆናሉ። ሲታተም ቀለሙ በሰሌዳው ላይ ተቀብቶ ገጽታው ይጠረጋል፤ ቀለም የሚቀረው በተቦረቦረው መስመር ውስጥ ነው፤ ከዚያ እርጥብ ወረቀት ተደርጎበት በሁለት ከባድ ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል።

ከዚህ ለተመራማሪ የሚከተሉ ነገሮች አሉ። በኤቺንግ ውስጥ ብርሃን የሚባለው ያልተነካው ወረቀት ነው። ፀሐይ የመታው የሚሲዮን ግድግዳ በፎርድ ምስል ላይ ባዶ ሲሆን ያ ባዶነት የኖራ ልስኑ ደህና መሆኑን ሊያመለክት ይችላል፤ ሠዓሊው ብርሃኑን ለማጉላት ስንጥቁን ትቶት ሊሆንም ይችላል። ስለዚህ ከባዶ ቦታ ተነሥቶ «ልስኑ አልረገፈም ነበር» ብሎ መደምደም አይገባም። በአንጻሩ የተሳለ ነገር፣ ለምሳሌ ጡቡ የወጣበት ጥግ፣ የተሰበረ ቅስት፣ የጎደለ የሸክላ ረድፍ፣ ሠዓሊው ሆን ብሎ በመርፌ የጻፈው ስለሆነ ክብደት አለው። ያለው ይመሰክራል፤ የሌለው ግን በራሱ ምንም አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ጉዳይ የግራና የቀኝ ነገር ነው። በመዳብ ላይ የተሳለ ምስል ሲታተም ይገለበጣል። ሠዓሊው ሕንፃው ፊት ቆሞ በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ከሳለ የታተመው ምስል የመስተዋት ምስል ይሆናል፤ ይህን ለማስቀረት ከወረቀት ንድፉ ላይ አስቀድሞ ገልብጦ መሳል አለበት። ከአንድ ሰሌዳ ላይ የትኛው ክንፍ በስተ ምሥራቅ እንደነበረ ከመጻፍዎ በፊት ይህንን ያረጋግጡ። ማረጋገጫው ቀላል ነው። በካርሜል የሚገኘው የሳን ካርሎስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ሲታይ ጉልላት ያለው ትልቁ ደወል ቤት ከተመልካቹ በግራ ነው፤ ትንሹ በቀኝ ነው። ሳን ሉዊስ ሬይ ደግሞ አንድ ደወል ቤት ብቻ ያለው ሲሆን እሱም በቀኝ ነው። እንዲህ ያለ የማያሻማ ምልክት በሌለበት ሚሲዮን ላይ የዘመኑን ፎቶግራፍ አጠገቡ አስቀምጦ ማየት ነው። እዚህ ላይ የአማካሪዎ ፎቶግራፍ ለፎርድ ረዳት ምስክር ይሆናል።

የፎርድ ምስሎች ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚጎላው በካርሜል ነው። ይህ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን በ1793 ተጀምሮ በ1797 ተመረቀ፤ የሚሲዮኖቹ መሥራች አባ ሁኒፔሮ ሴራም የተቀበሩት እዚሁ ነው። ጣሪያው በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተደረመሰ፤ ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሰማይ እንደ ተከፈተበት ቆመ። በ1884 አባ አንጄሎ ካዛኖቫ የተባሉት ቄስ ገንዘብ አሰባስበው አዲስ ጣሪያ አስገጠሙለት፤ ግን ጣሪያው ከጥንቱ ጋር የማይመሳሰል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሾለ የእንጨት ክዳን ነበር፤ ለሕንፃው የሰሜን አውሮፓ ደብር መልክ ሰጠው። ይህ ክዳን ተነሥቶ ዛሬ የምናየው የተሠራው በ1930ዎቹ በሃሪ ዳውኒ መሪነት በተካሄደው እድሳት ነው። የፎርድ ስብስብ የወጣው በ1883 ስለሆነ ካዛኖቫ ጣሪያ ከማልበሳቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው ማለት ነው። ድንጋዩ ሳይነካካ፣ ከበሩ በላይ ያለው የኮከብ ቅርጽ ያለው መስኮት ትንሽ እንደ ዘመመ የነበረበትን ሁኔታ ለሚመረምር ሰው፣ ከ1884 በፊት የተሠራ ማንኛውም ምስል ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ደርዘን ምስሎች ይበልጥበታል።

ተቃራኒው ምሳሌ ሳን ሉዊስ ኦቢስፖ ነው። በመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳው ይህ ሚሲዮን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ «ዘመናዊ» እንዲሆን ተብሎ የጭቃ ግድግዳው በእንጨት ሳንቃ ተሸፈነ፤ የኒው ኢንግላንድ ደብር የሚመስል የእንጨት ማማም ተተከለበት። ይህ ሁሉ የተነሣው በ1930ዎቹ ነው። ዛሬ ሕንፃውን የሚጎበኝ ሰው ያንን የሃምሳ ዓመት ገጽታ ፈጽሞ አያየውም። ሠዓሊ እንዲህ ያለ ሕንፃ ሲያጋጥመው ወይ ሳንቃውን ይስላል፣ ወይ «እውነተኛው ሚሲዮን» ይህ አይደለም ብሎ የድሮውን በሐሳቡ ይመልሳል። የትኛውንም ሰሌዳ ሲያነቡ ይህን ጥያቄ በግልጽ ይጠይቁ፤ ሠዓሊው ያየውን ነው ወይስ ሊያይ የፈለገውን የሳለው?

ምንም ያልተለወጠ የሚመስለው የሳንታ ባርባራ ሚሲዮን እንኳ ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሰኔ 1925 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ደወል ቤቶቹን ክፉኛ ጎዳቸው፤ ታደሱ። ከዚያ በኋላ ግን አዲሱ ሥራ በውስጡ እየተሰነጣጠቀ ስለ ሄደ ከ1950 እስከ 1953 ባለው ጊዜ የፊት ገጹና ሁለቱም ደወል ቤቶች ፈርሰው በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት እንደገና ተሠሩ። ዛሬ ጎብኚው የሚያነሣው ፎቶ እንግዲህ በ1820 የተመረቀውን ቤተ ክርስቲያን ቅርጽ የያዘ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግንባታ ነው። ጎረቤቱ የነበረው ፎርድ ያየው ቀዳሚውን ነው።

ከስብስቡ ውስጥ ፈጽሞ በተለየ ዓይን መታየት ያለባቸው ፎርድ ሊያያቸው የማይችላቸው ሚሲዮኖች ናቸው። የሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን በ1857 ፈረሰ። የሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን በጥቅምት 1868 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ። የሳን ራፋኤል የመጨረሻ ፍርስራሽ በ1870 ከቦታው ተነሣ። ፎርድ ካሊፎርኒያ የገባው በ1875 ነው። ስለዚህ እነዚህን ሦስቱን ቆመው የሚያሳይ ማናቸውም የሱ ሥራ ከሌላ ሰው ሥዕል፣ ከፎቶግራፍ ወይም በሕይወት ከነበሩ ሽማግሌዎች ትዝታ የተቀዳ ነው፤ ቀጥተኛ ምስክርነት ሊሆን አይችልም። በሦስቱም ቦታ ዛሬ የቆሙት ሕንፃዎች ደግሞ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው፤ ሳንታ ክሩዝ በ1931፣ ሳን ራፋኤል በ1949፣ ሳን ሆሴ በ1985። ስለዚህ ምስሉን ከዛሬው ሕንፃ ጋር አመሳስለው «ትክክል ነው» ቢሉ ክብ ውስጥ መሽከርከር ይሆናል፤ ቅጂውን የሠሩት ሰዎችም መነሻቸው የቆዩ ምስሎች ነበሩና። በጽሑፍዎ ውስጥ እነዚህን ሰሌዳዎች ከሌሎቹ ለይተው እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ምስሎቹ ላይ ስለሚታዩት ሰዎች፣ እንስሳትና ዛፎችም ይጠየቃል። የዘመኑ ሠዓሊ የሕንፃውን ትልቅነት ለማሳየት ከግድግዳው ሥር ሰው ያቆም ወይም አህያ ያስር ነበር፤ ያ የሙያ ልማድ እንጂ የዕለቱ ዘገባ አይደለም። ዛፎች ግን ትንሽ የተሻለ እምነት ይጣልባቸዋል፤ ቦታቸውን አይለቁምና። በሳን ሉዊስ ሬይ ግቢ በ1830 ከፔሩ በመጣ ዘር እንደ በቀለ የሚነገርለት በካሊፎርኒያ የመጀመሪያው የበርበሬ ዛፍ እስከ ዘመናችን ቆሟል። በነገራችን ላይ ይህ ዛፍ እኛ በየከተማችን ጎዳና ላይ ቁንዶ በርበሬ ብለን የምናውቀው ራሱ ነው፤ ቅጠሉ ተንጠልጥሎ ሲወርድ በምስል ላይ ከሩቅ ይለያል።

የምስሎቹ ትልቁ ጉድለት ከግድግዳው ትክክለኛነት ጋር የሚያያዝ አይደለም። ፍርስራሽን ውብ አድርጎ ማሳየት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመልክዓ ምድር ሥዕል ዋና ጣዕም ነበር፤ ፎርድም በዚያ ጣዕም የተማረ ነው። የተሰበረው ቅስት፣ ሣር የበቀለበት ደረጃ፣ ረጅሙ የከሰዓት ጥላ ተመልካቹን ጸጥ ያለና ንጹሕ የሆነ ያለፈ ዘመን እንዲናፍቅ ያደርጉታል። ያ ዘመን ግን እንደዚያ አልነበረም። በ1775 ከአገሬው ተወላጆች የኩሜያይ ሰዎች በሳን ዲዬጎ ሚሲዮን ላይ ተነሥተው አቃጥለውታል፤ በ1824 ሌሎቹ ተወላጆች ቹማሾች በሳንታ ኢኔዝ፣ በላ ፑሪሲማና በሳንታ ባርባራ አምፀዋል። ከአውሮፓውያን ጋር የመጡ በሽታዎች፣ ከመንደር ተነቅሎ በአንድ ግቢ መታጎርና አስገዳጅ ሥራ ብዙ ሰው ጨርሰዋል፤ በሳንታ ባርባራ ሚሲዮን የመቃብር ስፍራ ብቻ ወደ 4,000 የሚጠጉ ቹማሾች እንደ ተቀበሩ ይነገራል። አባ ሴራ በ2015 ቅዱስ ተብለው ሲታወጁ ከአገሬው ተወላጆች ዘንድ የተነሣው ተቃውሞ ምንጩ ይህ ነው። ከፎርድ ሰሌዳዎች ይህን ታሪክ የሚጠብቅ አያገኘውም፤ ጡቡን ያነጠፉት ሰዎች ስም በጡቡ ላይ አልተጻፈም፤ በመዳቡም ላይ አልተጻፈም። የሕንፃ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን ሊዘለው አይገባም።

ምስሎቹ ሕንፃዎቹን መመዝገብ ብቻ ሳይሆን የሕንፃዎቹን ዕጣ ቀይረዋል የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ በከፊል እስማማለሁ። በ1883 እና በ1884 የደራሲዋ የሄለን ሃንት ጃክሰን ጽሑፎች ስለ ሚሲዮኖቹ በመላ አሜሪካ ተነበቡ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በባቡር ኩባንያዎች ፉክክር ምክንያት የቲኬት ዋጋ ወድቆ ጎብኚው ጎረፈ፤ በ1893 በቺካጎ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የካሊፎርኒያ ሕንፃ በሚሲዮን መልክ ተገንብቶ ታየ፤ የፎርድ የሚሲዮን ሥራዎችም በዚያው ኤግዚቢሽን ቀርበዋል። 50 ቅጂ ብቻ የታተመ ስብስብ ብቻውን አገር አያነቃንቅም። ነገር ግን ቅጂዎቹ የደረሱት ገንዘብና ተሰሚነት ባላቸው ሰዎች ቤት ነው፤ ቀጥሎም የመጣው «የሚሲዮን ስልት» የተባለው የግንባታ ፋሽን ቅርጾቹን ከእንዲህ ዓይነት ምስሎች ነው የተማረው።

ይህ ፋሽን ለአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ሁልጊዜ በጎ አልነበረም። በ1894 የተከፈተው የቡርሊንጌም ባቡር ጣቢያ በሚሲዮን ስልት ከተሠሩት የመጀመሪያ ቋሚ ሕንፃዎች አንዱ ነው። ጣሪያው የተከደነበት ሸክላ ከፊሉ የመጣው ከሳን አንቶኒዮ ዴ ፓዱዋ ሚሲዮን ነው። ፎርድ ሊስለው በሄደበት ወቅት ገና ክዳን የነበረው ሚሲዮን፣ አምሳያው እንዲያምር ሲባል የራሱ ሸክላ ተነቀለ። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ግድግዳውን ምን እንዳደረገው ከላይ ስለ ጭቃ ጡብ የተናገርኩት ይበቃል፤ ጥገናው የተጀመረው በ1903 ሲሆን ሰፊው ግንባታ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ቆየ። ለመመረቂያ ጽሑፍዎ አንድ ሚሲዮን ብቻ ይምረጡ ብባል ሳን አንቶኒዮን እመርጥልዎት ነበር፤ ሸክላው ከመነቀሉ በፊትና ከተነቀለ በኋላ ያሉትን ምስሎች በተርታ ማስቀመጥ ይቻላልና።

በተግባር ሲሠሩ ከኢንተርኔት ላይ የወረደ ምስል ብቻ ይዘው አይደምድሙ። ብዙዎቹ የተቀዱት ከኋለኛ ዘመን መጻሕፍት ሲሆን ጠርዛቸው ተቆርጧል፤ ጥቁሩ ውስጥ ያሉት መስመሮችም ተጨፍልቀዋል። ዋናውን ህትመት የማየት ዕድል ካገኙ በወረቀቱ ላይ የሰሌዳው ጠርዝ የተጫነበትን ገባ ያለ ክፈፍ ይፈልጉ፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ መስመሩ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ ያረፈ ወፍራም ቀለም ከሆነ በቀጥታ ከመዳቡ የታተመ ነው፤ እኩል እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ ግን በፎቶ የተባዛ ቅጂ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ከዋትኪንስ ፎቶግራፍ ጋር፣ ፎቶግራፉንም ከፎርድ ማስታወሻ ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ሲለያዩ ቶሎ ብለው ለካሜራው አይፍረዱ። ዋትኪንስ ባነሣበትና ፎርድ በደረሰበት ጊዜ መካከል ጥቂት የክረምት ዝናቦች ወርደዋል፤ ጣሪያ ለሌለው የጭቃ ግድግዳ ያ ብዙ ነው፤ ልዩነቱ ራሱ በዓመታቱ መካከል የፈረሰውን ሊነግርዎት ይችላል።